ጥቁሯ ቆርቆሮ ውስጥ ያለው የጺም ሳሙና አይደለም፤ ገንዘባችሁን ያዙ

ጺማችሁን በብሩሽና በምላጭ የምትላጩ፣ ወይም ልትጀምሩ ያሰባችሁ፣ ይህችን አንብቡልኝ። ሰሞኑን በቴሌግራምና በቲክቶክ «በእጅ የተሠራ፣ ኬሚካል የሌለበት፣ ባህላዊ የጺም መላጫ ሳሙና» እየተባለ የሚሸጥ ነገር አለ። በትንሽ ጥቁር ቆርቆሮ ነው የሚመጣው። ሳሙናው ለብቻው 1,200 ብር፣ ከብሩሽና ከጎድጓዳ ሳህን ጋር ደግሞ 2,800 ብር። እኔ ሙሉውን ነው የገዛሁት። ባጭሩ ልንገራችሁ፦ ቆርቆሮው ውስጥ ያለው የገላ ሳሙና ነው። ተከትፎ፣ ቀልጦ፣ ሽቶ ተጨምሮበት የተገለበጠ የገላ ሳሙና።

በምን አወቅህ ትሉኝ ይሆናል። ቀስ ብዬ ላስረዳ።

የጺም ሳሙና ከገላ ሳሙና የሚለየው በመዓዛው አይደለም፣ በሥራው ነው። የገላ ሳሙና ቆሻሻውን አንስቶ በውኃ ተጠርጎ ይሄዳል። ቶሎ ቢሄድልን ደስ ይለናል። የጺም ሳሙና ግን ፊት ላይ መቆየት አለበት። ጺሙ ውኃ ጠጥቶ እስኪለሰልስ እርጥበቱን ይዞ ይጠብቃል፣ ምላጩንም ያንሸራትታል። ለዚህ ሲባል ሠሪዎቹ ከስብ የሚገኝ ስቴሪክ አሲድ የሚባል ነገር በብዛት ያስገቡበታል። አረፋው እንደ እርጎ ጥቅጥቅ ብሎ የሚቆየው በሱ ነው። ሁለተኛው ልዩነት አልካሊው፣ ማለትም ስቡን ወደ ሳሙና የሚለውጠው ነገር ላይ ነው። ደረቁ የገላ ሳሙና የሚሠራው በኮስቲክ ሶዳ ነው። የጺም ሳሙና ላይ ግን ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድም ይገባል። እሱ ሳሙናውን ለስለስ ያደርገዋል፤ ብሩሽ ሲነካው ቶሎ ይሟሟል፣ ውኃም በደንብ ይሸከማል። የቱርኩ አርኮ የሚባለው ስቲክ የጺም ሳሙና ርካሽ ከሚባሉት ነው፤ መጠቅለያው ላይ ግን ፖታሲየሙም ስቴሪክ አሲዱም ተጽፎ ታገኛላችሁ። የኛ ጥቁር ቆርቆሮ ላይ የተጻፈው «ፍቅር፣ ተፈጥሮ፣ ጥበብ» ነው። ፍቅር ስንት በመቶ እንደገባበት አልተጠቀሰም።

አሁን ወደ አረፋው። ይህ ሳሙና ብሩሽ ገና ከመንካቱ ትልልቅ አረፋ ይነፋል። ቪዲዮው ላይ የሚያምረው ይሄ ነው። ሳህኑ ሞልቶ ጠርዙን አልፎ ሲፈስ ያሳዩና እዚያ ላይ ይቆርጡታል። ቤት ስትሞክሩት ግን ቪዲዮው አይቆረጥም። ጉንጬን ቀብቼ ምላጩን ሳነሳ፣ ጆሮዬ ሥር ያለው አረፋ ተሰነጣጥቆ መድረቅ ጀምሯል። ሳህኑን ወደ ጆሮ ጠጋ ካደረጋችሁት ሲፈነዳ ይሰማል፣ ፍስስ ይላል። አገጬ ላይ የቀረው ስስ ነጭ ውኃ ብቻ ነበር። በጣቴ ስነካው አልተንሸራተተም፤ ቆዳዬን ይዞ ቀረ። ጣት ያልተንሸራተተበት ፊት ላይ ምላጭ እንዴት ይንሸራተታል?

እንዲህ ቶሎ ተነፍቶ ቶሎ የሚጠፋ አረፋ የኮኮናት ዘይት ጠባይ ነው። ኮኮናት በራሱ ክፉ አይደለም፤ ጥሩ የጺም ሳሙና ውስጥም ጥቂት ይገባል። ችግሩ አረፋውን ደግፎ የሚያቆየው ሌላ ነገር ሳይኖር ሲቀር ነው።

ለሻጩ ጻፍኩለት። መልሱ ወዲያው መጣ። «ወንድም፣ የናንተ ሰፈር ውኃ ነው። ቦሌ ያሉ ደንበኞቻችን በጣም ወደውታል።» የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው።

እውነት ለመናገር ግን የውኃው ነገር ጨርሶ ውሸት አይደለም። ብዙ ሰው ዝም የሚለውም ለዚህ ይመስለኛል። እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። በዚህ በደቡብ በኩል ያለን ሰዎች የምናገኘው ውኃ (በመጣ ጊዜ ማለት ነው) በአብዛኛው ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚሳብ ነው። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ እንደሚመጣው የገጸ ምድር ውኃ አይደለም። የጉድጓድ ውኃ ከዓለቱ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይዞ ይወጣል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ከዚያ ነው። ሳሙና ከነዚህ ጋር ሲገናኝ አረፋ መሆኑ ይቀርና ሳህኑ ጠርዝ ላይ የሚለጠፍ ግራጫ ዝቃጭ ይሆናል። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት ውኃ የማንኛውም ሳሙና አረፋ ይቀንሳል፣ ትንሽ ጨመር አድርጎ መምታት ያስፈልጋል።

ሆኖም በውኃ ማመካኘት የሚያዋጣው ውኃው እስኪቀየር ነው። ከሱቅ የታሸገ ውኃ ገዛሁ። መለያው ላይ የካልሲየሙ መጠን ዝቅ ያለውን መርጬ ነው፤ የታሸገ ሁሉ አንድ አይደለምና። ክረምት ላይ ከሆናችሁ የዝናብ ውኃም ይሠራል። የቆርቆሮውን ሳሙና በታሸገው ውኃ መታሁት። አጠገቡ ወንድሜ ከውጭ ያመጣልኝን አርኮ በዚያው በሚታማው የቧንቧ ውኃ። ብሩሹ ያው፣ እጁም ያው። የቆርቆሮው ሳሙና አረፋ በጥሩ ውኃ በዛ እንጂ አልጠነከረም። ያው ትልልቅ ሆኖ ተነሣ፣ ያው ሟሸሸ። አርኮው ግን ጉንጬን፣ አገጬንና አንገቴን ጨርሼ ፊቴን እስክታጠብ አልደረቀም። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ሁለቱን ሳህን ጎን ለጎን ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ደግሜ ስጽፍ ብሎክ አደረገኝ።

ከዚያ ወዲያ ነው ነገሩን መፈተሽ የጀመርኩት። መለያው 120 ግራም ይላል። ሰፈራችን ሱቅ ስኳር የሚመዘንበት ዲጂታል ሚዛን ላይ አስቀመጥነው። ከነቆርቆሮው፣ ከነክዳኑ 118 ግራም። ሳሙናውን በቢላ ፈንቅለን ባዶውን ቆርቆሮ ስንመዝን 41 ግራም ሆነ። በ120 ሒሳብ ከፍዬ ያገኘሁት 77 ግራም ሳሙና ነው ማለት ነው። ባለሱቁ ሳቀ፤ «ጋሼ፣ እኔ ስኳር እንዲህ ብመዝን ሰፈሩ ያስቀምጠኛል?» አለኝ። ሳቁ ግን ሳሙናውን ሲገለብጠው ቆመ። ከላይ ወጥ ቡናማ የነበረው፣ ከሥሩ በደንብ ያልቀለጡ አረንጓዴና ነጭ ፍርፋሪዎች ነበሩበት። አንዱ ፍርፋሪ ላይ የፋብሪካ ማኅተም ጠርዝ ይታያል። ባለሱቁ ከመደርደሪያው ላይ አንድ የገላ ሳሙና አወረደና ጎን ለጎን አስተያየን። ቀለሙም ሽታውም አንድ ነው። የምርት ስሙን አልጽፍም፤ እሱን የሠራው ፋብሪካ ምንም አላጠፋም።

ብሩሹ «የእንስሳ ጸጉር» ተብሏል። አንድ ዘለላ ነቅላችሁ በክብሪት ንኩት። የእንስሳ ጸጉር እንደ ማንኛውም ጸጉር ይሸታል፣ በጣት ሲያሹት ዱቄት ይሆናል። ይሄኛው ቀልጦ ጠብታ ሠራ። ሰው ሠራሽ ብሩሽ መጥፎ አይደለም፤ እንዲያውም ቶሎ ይደርቃል። በእንስሳ ጸጉር ዋጋ መሸጡ ነው ነውሩ። ጎድጓዳ ሳህኑ ደህና ነው፤ አሁን ሚጥሚጣ ይዞልናል።

«ኬሚካል የለበትም» የሚለውን ማስታወቂያ የትም ስታዩ ጠርጥሩ። ሳሙና የሚባለው ነገር ስብ ወይም ዘይት ከአልካሊ ጋር ሲዋሐድ ነው የሚገኘው። አመድ አጥልሎ የሚሠራ ሰው እንኳ አልካሊውን ያገኘው ከአመዱ ነው። ልኬቱ ትክክል ከሆነ አልካሊው ከስቡ ጋር ተዋሕዶ ያልቃል። ከበዛ ግን የተረፈው ቆዳ ያቃጥላል። ደህና ሳሙና ፒኤቹ (የአልካሊነቱ መለኪያ) ከ9 እስከ 10 አካባቢ ነው፤ 11 ካለፈ ፊት ላይ ባይወጣ ይሻላል። የኔው በፒኤች ወረቀት ስለካው 10 ገደማ አሳየ፤ በዚህ በኩል አልከሰውም።

ደግሞ ቻናሉ ላይ «አረፋው ከእንዶድ የመጣ ነው» የሚል አለ። እንዶድን እናውቀዋለን፤ ነጠላውም ጋቢውም ሲታጠብበት ኖሯል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ አካባቢ፣ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው በቀንድ አውጣ የሚተላለፈውን የብልሃርዝያ በሽታ ለመከላከል ምርምር የጀመሩት በዚሁ ተክል ነው። የሚያረፋው ሳፖኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ልብስ ላይ ግሩም ነው። የወቀጠው ሰው ግን ብናኙ እንዴት እንደሚያስነጥስ ያውቃል፤ በምላጭ የተጫረ አንገት ላይ ቢደረግ ብዬ ሳስበው ይዘገንነኛል። ደግነቱ ቆርቆሮው ውስጥ እንዶድ ያለ አይመስለኝም።

ነገሩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ውኃ በላው ብዬ እተወው ነበር። ግን አብዛኞቻችን ጺማችን ጥቅልል ነው። ጥቅልል ጸጉር ከሥሩ ተቆርጦ ሲበቅል ሹል ጫፉ ዞሮ ቆዳው ውስጥ ይገባል። አንገት ላይ የሚደረደረው ጠንካራ ጉብታ እሱ ነው። በማይንሸራተት አረፋ፣ ምላጩን ጫን እያደረጉ መላልሶ መላጨት ደግሞ ያባብሰዋል። አንድ የብሎካችን ልጅ ይህንኑ ሳሙና ገዝቶ አንገቱ በሙሉ አብጦ፣ አሁን ሸሚዙን መቆለፍ አቅቶታል። እንዲህ ዓይነት ቆዳ ያላችሁ ፀጉር ቤት ሄዳችሁ በቶንዶስ ብታሳጥሩት ይሻላችኋል፤ ምንም ሳሙና አያስፈልጋችሁም።

ገንዘብ ስለማስመለስ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ችግሩ ማንን ትጠይቃለህ ነው። ደረሰኝ የለም። ክፍያው በቴሌብር ወደ ግለሰብ ስልክ ነው የሚገባው። ዕቃውን የሚያመጣው ሞተረኛ «እኔ አድራሽ ነኝ» ይላል፣ እውነቱን ነው። ሻጩ ገላን ነኝ ይላል፤ ገላን ሸገር ከተማ ነው፣ እኔ ያለሁት አዲስ አበባ ነው። የከተማ ዳር ኑሮ እንዲህ ነው፤ አቤቱታው ራሱ ድንበር ይሻገራል። የገዛችሁ ካላችሁ ሳሙናውን አትጣሉት። የቴሌብር መልእክቱን፣ የማስታወቂያውን ፎቶና የተጻጻፋችሁትን አስቀምጡ። ብዙ ሆነን ብንቀርብ አንድ ለአንድ ከመሄድ ይሻላል፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

በእጅ የሚሠራ ሳሙና ሁሉ ማጭበርበር ነው እያልኩ አይደለም። ሰበታ በኩል በቤቷ የገላ ሳሙና የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች። የጺም ሳሙና ትሠሪያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «ጋሼ፣ ፖታሲየሙን ከየትም አላገኘሁም፤ ያለ እሱ ሠርቼ ብሸጥልዎ ይረግሙኛል» አለችኝ። የገላውን ሳሙና ግን ምን ዘይት እንደገባበት፣ መቼ እንደተቆረጠ በወረቀት ጽፋ ነው የምትሸጠው። ዕውቀቱ ያለው ሰው ስለ ሥራው ሲጠየቅ አይቆጣም። እናንተም ብር ከመላካችሁ በፊት ከምንና ከምን እንደተሠራ ጠይቁ። «ሚስጥር ነው» ካላችሁ ተዉት። ቪዲዮ ከላከላችሁም አረፋውን መትቶ፣ አምስት ደቂቃ አቆይቶ፣ ሳይቆርጥ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ አንድ ወዳጄ አዲስ ማስታወቂያ ላከልኝ። ቆርቆሮው ያው ነው። ክዳኑ ላይ የነበረው ወርቃማ አንበሳ ተነሥቶ የቡና ፍሬ ተለጥፎበታል። ስሙም ተቀይሯል። የሙሉው ዕቃ ዋጋ ለበዓል ቅናሽ ተብሎ 2,200 ብር ገብቷል፣ የጺም ማሳደጊያ ቅባት ተመርቆበታል። ቅባቱን አልሞከርኩትም። የምትገዙ ካላችሁ ሞተረኛው ፊት ክዳኑን ክፈቱ፣ ሳሙናውን ገልብጡና ሥሩን እዩ፤ አረንጓዴ ፍርፋሪ ካያችሁ ቴሌብራችሁን አትክፈቱ።