የአሸዋ ዝንብ ወይስ የበረሃ አይጥ፦ የትኛውን እንከላከል?

ከጎንደር ወደ መተማ ለሰሊጥ አረም የሚወርድ ሰው ካላዛርን፣ ማለትም በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈውን የውስጥ አካል በሽታ፣ ሲፈራ የሚያነሳው ጥያቄ ነው።

የአሸዋ ዝንብ፦ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ ድምፅ የለሽ። የምትነክሰው ሴቷ ናት፤ ያውም በአብዛኛው ከመሸ በኋላ። ቀን ግራር በሚበቅልበት የዋልካ አፈር ስንጥቅ ውስጥ ትደበቃለች፤ ስለዚህ ግራር ሥር ማደር አደገኛ ነው። የተራ አጎበር ቀዳዳ ያሳልፋታል፤ በፀረ ተባይ የተነከረው ይሻላል፣ ጠርዙ ፍራሽ ሥር ከተወተፈ።

የበረሃ አይጥ፦ በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ የቁንጭር (የካላዛር ዘመድ የሆነ የቆዳ በሽታ) ተውሳክ ማከማቻ ነው። እዚያ ጉድጓዱን ማረስና የሚበላውን ጨዋማ ቁጥቋጦ መንቀል ያዋጣል፤ አድካሚ ቢሆንም። ወደ ሰው የምታሻግረው ግን ያችው ዝንብ ናት።

መተማ ላይ ለአይጥ መርዝ የሚወጣው ብር ለአጎበር ቢውል ይሻላል። ደጋ ላይማ የቁንጭር ማከማቻው ሽኮኮ ነው፤ ገደል ሥር የሚኖር ሰው አይጥ ማሳደዱን ይተው።