የእናቴን ቤት ለማቅለል የጠራኋቸው ሰዎች፦ ከቆራሌው እስከ ጫኝና አውራጅ

እናቴ በ1997 ዓ.ም. ተመዝግባ ስትጠብቀው የኖረችው ኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶላት ቁልፉን ተረክባለች። እኔም ዕቃ በመቀነሱና በማጓጓዙ ላግዛት ብዬ የሦስት ሳምንት ፈቃድ ወስጄ ከቶሮንቶ አዲስ አበባ መጣሁ። የምትለቀው ሽሮ ሜዳ ያለ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ነው፤ ግቢና ማድ ቤት አለው። የምትገባበት ባለ አንድ መኝታ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አሳንሰር የሌለው። ስሌቱ ቀላል ይመስላል፤ ከሦስት ዕቃ ሁለቱ መሄድ አለበት። ለእናቴ ግን በዚያ ቤት ውስጥ ትርፍ ዕቃ የሚባል ነገር አልነበረም።

የመጀመሪያው ቀን ስሕተት የራሴ ነው። ባዶ ማዳበሪያ ገዝቼ የሚጣል የመሰለኝን ሁሉ ሞላሁበት። እኔ ስተኛ እሷ ማዳበሪያውን እየፈታች ዕቃውን ወደየቦታው ስትመልስ አድራለች። ጠዋት ስነሣ አሥራ ስምንት የኒዶ ቆርቆሮዎች መደርደሪያው ላይ ተሰልፈው ጠበቁኝ። "ባዶ ቆርቆሮ ምን ያደርግልሻል?" ብላት "ማን ባዶ ነው አለሽ?" አለችና አንድ በአንድ ከፈተችልኝ። በአንዱ የልብስ ቁልፍ፣ በአንዱ ምስማር፣ በሌላው ጓጉንቸራቸው ከጠፋ ዘመን የሆናቸው መክፈቻዎች። ከዚያ ወዲያ "መጣል" የሚለውን ቃል ተውኩት። ወዴት እንደሚሄድ ካልነገርኳት አንዲት ሰፌድ እንኳ ከቤት እንደማትወጣ ገብቶኝ ወሳጅ ፍለጋ ጀመርኩ። እንደ እኔ ከውጭ መጥቶ የወላጅ ቤት ለሚያዘዋውር ሰው ይጠቅም እንደሆነ፣ የጠራኋቸውን ሰዎች እንዳገኘኋቸው ልጻፍ።

መጀመሪያ የመጣው ልዋጭ ነው። ሳፋና ባልዲ ትከሻው ላይ ቆልሎ "ልዋጭ! ልዋጭ!" እያለ የሚያልፍ ወጣት። አሮጌ ልብስ ወስዶ የፕላስቲክ ዕቃ ይሰጣል። ዓይኑ ስለት ነው፤ ኮቱን በብብቱ በኩል ገልብጦ፣ የሱሪውን ጉልበት ወደ ፀሐይ ዘርግቶ ሳያይ ዋጋ አይናገርም። ለሁለት ሱሪና ለአንድ ሹራብ አንድ ሳፋ ሲል እናቴ "ሳፋው ወርቅ ነው እንዴ?" ብላ ማንቆርቆሪያ አስጨመረችው። እኔም በክርክሯ ስስቅ ዋልኩ። ማታ ቆጠርኩ፤ አራት ማዳበሪያ ልብስ ወጥቶ ሦስት ሳፋ፣ ሁለት ባልዲ፣ አንድ ማንቆርቆሪያና ክዳን ያለው ትልቅ የእንጀራ ማስቀመጫ ገብቷል። ልዋጭ ሐቀኛ ንግድ ነው፤ ቤት ለማቅለል ግን አይጠራም።

ከልብሱ ደህና ደህናውን አስቀድሜ ወደ ሜቄዶንያ ብወስደው ኖሮ እያልኩ እጸጸታለሁ። ቢኒያም በለጠ ያቋቋመው ይህ ማዕከል ጧሪ ያጡ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና እያነሣ ይረዳል፤ አልባሳትም ይቀበላል። እኛ የሄድነው የአባቴን ተሽከርካሪ ወንበር ይዘን ነው። አባቴ ካረፈ ጀምሮ ሁለት ዓመት ከበር ጀርባ ቆሞ ነበር፤ እናቴ ጎረቤት ሲጠይቃት እንኳ እሺ አላለችም። እዚያ ስንደርስ ግን እኔን አስለቅቃ ራሷ እየገፋች አስረከበች። ምንም አልተናገረችም። በመመለሻው ታክሲ ውስጥ "ብርድ ልብሶቹንም ነገ እንውሰድ" አለች።

ከሁሉም ልቤን የወሰደው ቆራሌው ነው። "ቆርቆሮ ያለው!" የሚለው ጥሪ በአፍ ፍጥነት ተቆርጦ "ቆራሌው!" የሆነለት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ድምፁ የሚሰማው። ጠርሙስ፣ ሃይላንድ፣ የተበላሸ ሬዲዮ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ ያለቀ ጫማ፤ የማይገዛው የለም። የሚከፍለው ጥቂት ነው። እኔ በምኖርበት አገር ግን አሮጌ ዕቃዬን የሚወስድልኝ ሰው ስጠራ ከፋይዋ እኔው ነኝ፤ ስለዚህ አልተከራከርኩም። እናቴ በእኔ ፋንታ ተከራከረች።

ይህ ሰው አንድ ልማድ አለው፤ ምንም ነገር ሳይነቀንቅና ሳይዳብስ አይገዛም። ቆርቆሮ ጆሮው ሥር አስጠግቶ ያንኳኳል፣ የጫማውን ገበር ያነሣል። የአባቴ የቆዳ ሻንጣ ጋ ሲደርስ ጣቱ ገበሩ ላይ ቆመ። ስፌቱ የተተረተረበትን ቦታ ፈልጎ እጁን አስገባና በላስቲክ የታሠረ ብር አወጣ። ሁሉም ባለ መቶ፣ ሁሉም የድሮው። እየቆጠረ አሥራ ስድስት አደረሰና በሁለት እጁ ለእናቴ ዘረጋላት። "እማማ፣ ይሄ አሁን አይሠራም። ቢሆንም የእርስዎ ነው።"

ብሩ የተቀየረው በመስከረም 2013 ዓ.ም. ነው፤ ለመለወጥ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። አባቴ በዚያን ጊዜ አልጋ ላይ ነው፤ አንደበቱ ተይዟል። ምናልባት በዓይኑ ሻንጣውን ሲያሳየን ከርሞ ይሆናል፤ ማን ያውቃል። እናቴ ብሩን አገላብጣ አየችና "ለካስ ከእኔም ይደብቅ ኖሯል!" ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሻንጣውን አልሸጠችም፤ ብሩም ወደ አንዱ የኒዶ ቆርቆሮ ገባ። ቆራሌው ግን አልተቀየመም፤ የውኃ በርሜላችንን ገዝቶ ሲወጣ "ምናለሽ ተራ ገብቶ የከሰል ምድጃ ይሆናል" ብሎ ነገራት። የሚሄድበትን ስለነገራት ሁለተኛውን በርሜል ያለ ክርክር ለቀቀችለት። እኔ በሳምንት ያልተማርኩትን ይህ ሰው በአንድ ጠዋት አውቆታል።

መጻሕፍቱ ብዙ አላስቸገሩም። የተቀዳደዱትንና የትምህርት ቤት ደብተሮቻችንን የሰፈሩ ባለሱቅ ለመጠቅለያ በኪሎ ወሰደ፤ የእኔ የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ አሁን ስኳር ተጠቅልሎበት ይሆናል። ደህና ደህናዎቹን በሁለት ካርቶን አራት ኪሎ፣ በ2014 ዓ.ም. ወደተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አደረስናቸው። የአያቴን የብራና ዳዊት ለራሴ ተመኝቼው ነበር። የብራና መጽሐፍ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ከአገር እንደማይወጣ ላላሰቡበት ላስታውስ፤ ሻንጣ ውስጥ ሸሽጎ መሄድ የሚያዋጣ አይደለም። ዳዊቱ ከእናቴ ራስጌ አልተነሣም።

ቁምሳጥኑንና ሁለቱን አልጋዎች ያገለገሉ ዕቃዎች በሚሸጡበት አንድ የስልክ ገጽ ላይ አወጣሁ። "የመጨረሻው ስንት ነው?" የሚል መልእክት ከአርባ ሰው መጣ፤ ዕቃውን ያየ ሁለት ሰው ነው። ግማሾቹ ገዥ መስለው የቀረቡ ደላሎች ነበሩ። ከሁለቱ አንዱ አናጺ ይዞ መጥቶ ቁምሳጥኑን ብሎን በብሎን ፈታው፤ ብሎኖቹንም በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። እንዲህ ያለ ገዥ እስኪመጣ መጠበቅ ለሚችል ሰው መንገዱ ክፉ አይደለም። የመመለሻ ትኬት ለቆረጠ ግን ያናድዳል።

አሁን ወደ ክፉው ልምጣ። አይሱዙ በ7,000 ብር ተከራየን፤ ሾፌሩ ጨዋ ነው፣ መስተዋቱን በራሱ ጃኬት ሸፍኖ ጫነው። ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ግን ጫኝና አውራጆች መኪናውን ከበቡት። ለማውረድና ሦስተኛ ፎቅ ለማድረስ 15,000 ብር ጠየቁ፤ በራሳችን እናወርዳለን ብንል መንገዱን ዘጉብን። እናቴ ከጋቢናው ወርዳ "ልጆቼ፣ እኔ እዚህ ልኖር ነው የመጣሁት" አለቻቸው። ሰዓት ተኩል ቆመን በ6,000 ተስማማን። ሥራው ሲጀመር ጎበዞች ናቸው፤ ፍሪጁን ሁለት ሆነው እንደ ትራስ አወጡት። ነገር ግን እንዲህ ያለ ዋጋ የሚነገረው ዕቃው መኪና ላይ ሳይወጣ ነው። ከመጫናችሁ ከሁለት ቀን በፊት ሄዳችሁ፣ የሕንፃው ኮሚቴ ባለበት ዋጋውን ቁረጡ። ይህን ባውቅ ኖሮ እናቴን ፀሐይ ላይ አላቆማትም ነበር።

የቀረው ቢፌው ነው። እናቴ ሁሉንም ስትለቅ እሱን አልለቅም ያለችው፣ ለእንግዳ ብቻ የሚወጡት ብርጭቆዎች ያሉበት ቢፌ። ቤቱን ለክቼ ነበር፤ ደረጃውን ግን አልለካሁም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ መታጠፊያው ጋ ተቀረቀረ። ቢያጋድሉት፣ ቢያቆሙት፣ በሮቹን ቢነቅሉለት አላልፍ አለ። ጩኸቱን ሰምተው ጎረቤት እትዬ በራቸውን ከፈቱ። ግድግዳቸው ባዶ ነበር። እናቴ ቢፌውን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ እኔንም አየችኝ። "እስኪያልፍ እዚህ ይቆይ" አለች።

ይህን ስጽፍ ቶሮንቶ ከገባሁ ወር ሆኖኛል። ትናንት ስደውልላት ሁለተኛ ፎቅ ቡና ላይ ናት። ብርጭቆዎቹን ወደ ቤቷ አውጥታ እንደሆነ ጠየቅኋት። "ምን ቸገረኝ፤ ከዚህ ሆኜ አያቸዋለሁ" አለችኝ።