ወደ ፎርት ሳምተር የምትሄዱ ወገኖች፦ ቲኬታችሁ ምሽጉ ላይ የሚያወርድ መሆኑን አረጋግጡ

በሳውዝ ካሮላይና ግዛት፣ በቻርልስተን ወደብ መግቢያ ላይ የሚገኘውን ፎርት ሳምተር የተባለውን ታሪካዊ ምሽግ ለመጎብኘት ያሰባችሁ ወገኖች፣ የጀልባ ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ጽሑፍ እንድታነቡልኝ እጠይቃለሁ። እኔና ቤተሰቤ ባለፈው ሐምሌ ከቨርጂኒያ ተነስተን ስምንት ሰዓት ያህል ከነዳን በኋላ፣ ምሽጉን እንጎበኛለን ብለን በከፈልነው ገንዘብ ምሽጉን ከጀልባ ላይ አይተን ብቻ ተመልሰናል። ቲኬቱን የሸጠልንን ድርጅት ስም አልጠራም፤ እንዲህ ያለው አሻሻጥ የአንድ ድርጅት ብቻ አይመስለኝም፣ ስሙን ብታውቁትም ነገ ሌላ ስም ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ጉዞው የታሰበው ከአዲስ አበባ ለጥየቃ ለመጡት አጎቴ ነበር። ጋሼ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የታሪክ መምህር ነበሩ። ኒው ዮርክን እናሳይዎት ስንላቸው «እሱንስ በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ፤ ይልቅ የእርስ በርስ ጦርነታቸው የተጀመረበትን ቦታ ውሰዱኝ» አሉን። ቦታው ይኸው ፎርት ሳምተር ነው። ሳውዝ ካሮላይና እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1860 ከአሜሪካ ግዛቶች ኅብረት መገንጠሏን ባወጀች በስድስተኛው ቀን፣ የፌዴራሉ መንግሥት ጦር ሻለቃ ሮበርት አንደርሰን ሰማንያ አምስት ያህል ወታደሮቹን ይዞ በጨለማ በወደቡ ዳር ካለው ከሌላው ምሽግ፣ ከፎርት ሞልትሪ ተነስቶ፣ ገና ተሠርቶ ወዳላለቀው ወደዚህ ምሽግ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 1861 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ በወደቡ ዙሪያ የተጠመዱት የደቡቦቹ፣ ማለትም የተገንጣዮቹ ግዛቶች፣ መድፎች ተኩስ ከፈቱ፤ ድብደባው 34 ሰዓት ያህል ከቀጠለ በኋላም አንደርሰን ምሽጉን ለማስረከብ ተስማማ። በእኛ አገር ዘመኑ የዐፄ ቴዎድሮስ ነው። በዚያ ሁሉ ድብደባ አንድም ወታደር ሳይሞት፣ ሞት የመጣው ለሰንደቅ ዓላማው ስንብት መድፍ ሲተኮስ በደረሰ ፍንዳታ መሆኑን ጋሼ መኪና ውስጥ ሁለት ጊዜ ነግረውናል።

ቲኬቱን የገዛሁት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱም ከእኔ ይጀምራል። በስልኬ የምሽጉን ስም ስፈልግ ከሁሉ በላይ የወጣውን ማስታወቂያ ከፈትኩ። ገጹ የምሽጉን ግንብና የመድፎቹን ፎቶግራፍ በትልቁ ይዟል፤ ርእሱም የፎርት ሳምተር የጀልባ ጉብኝት ይላል። ከሥሩ ጥቂት መቀመጫ ብቻ እንደቀረ የሚገልጽ ቀይ ጽሑፍና ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት ስለነበረ፣ ሳላመነታ ለአራት ሰው ከፈልኩ። «የአገልግሎት» ተብሎ የተጨመረውን ክፍያ እንኳ ያየሁት የካርዴን ቁጥር ካስገባሁ በኋላ ነው።

ከጉዞው ከተመለስን በኋላ ያንኑ ገጽ ከላይ እስከ ታች ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ የገረመኝም ነገር ቢኖር አንድም ሐሰተኛ ቃል ያልተጻፈበት መሆኑ ነው። ምሽጉን «ትጎበኛላችሁ» አይልም፣ «ትወርዳላችሁ» አይልም፤ ገጹን እስከ ግርጌ ወርዶ ዝርዝር መግለጫውን ለከፈተ ሰው ግን ጀልባው «በታሪካዊው ምሽግ አጠገብ ያልፋል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ከሕይወት አድን ጃኬትና ከመጸዳጃ ቤት ማብራሪያ መካከል ተሰክቶ ይገኛል። ፎቶግራፉና ርእሱ ሰውን አንድ ነገር እንዲያምን ካደረጉት በኋላ፣ እውነቱ ማንም በማያይበት ቦታ ተጽፎ ይቀመጣል፤ በኋላ ስትከራከሩ ጣታቸውን የሚቀስሩት ወደዚያች ዐረፍተ ነገር ነው።

ጀልባው ራሱ ንጹሕ፣ ሠራተኞቹም ትሑቶች ነበሩ። ወደ ምሽጉ ስንጠጋ አስጎብኚው በድምፅ ማጉያ ታሪኩን ተረከ፣ ጀልባው ለጥቂት ደቂቃ ዝግ አለ፣ ከዚያም አፍንጫውን ወደ ከተማው መለሰ። ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው የተነሱት ጋሼ «መቼ ነው የምንወርደው?» ብለው ሲጠይቁኝ ለአንድ ወጣት ሠራተኛ ጥያቄውን አስተላለፍኩ፤ እሱም በትሕትና፣ የእነሱ ጀልባ ምሽጉ ላይ እንደማያቆምና ይህን ጥያቄ በየቀኑ እንደሚሰማ ነገረኝ። በየቀኑ የሚጠየቅ ጥያቄ መልሱ ገጹ አናት ላይ ያልተጻፈው ለምን እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ሰው «ካያችሁት ምን ቀረባችሁ?» ሊል ይችላል። ፎርት ሳምተር ግን ከውኃ ላይ ሲታይ ብዙ የሚናገር ቦታ አይደለም። በሦስት ደርብ ተሠርቶ ከውኃው 50 ጫማ ያህል ይነሣ የነበረው ግንብ፣ እ.ኤ.አ. ከ1863 ጀምሮ የሰሜኑ ጦር ባዘነበበት መድፍ ፈራርሶ የቀረው የታችኛው ክፍል ነው፤ ከሩቅ ጎልቶ የሚታየውም እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጨረሻ መካከሉ ላይ የተገነባው ጥቁር የኮንክሪት ምሽግ ስለሆነ፣ የማያውቅ ሰው የጦርነቱ ዘመን ሥራ ይመስለዋል። ጡቡ ውስጥ ተሰክተው የቀሩትን የመድፍ አረሮችና የመድፎቹን መተኮሻ ክፍሎች ማየት የሚቻለው ወርዶ ውስጡ በመግባት ብቻ ነው። ማለዳ በመጀመሪያው ጀልባ የሄዱ ጎብኚዎች ከፓርኩ ጠባቂዎች ጋር ሰንደቅ ዓላማውን በመስቀል የመርዳት ዕድልም ያገኛሉ፤ ለጋሼ ያሰብኩላቸው እሱን ነበር። እሳቸው ግን እኔን ለማጽናናት «ሮበርት ስሞልስም አልወረደም» አሉኝ። ስሞልስ እ.ኤ.አ. በሜይ 1862 ፕላንተር የተባለችውን የደቡቦቹን መርከብ ወስዶ፣ የካፒቴኑን ባርኔጣ ደፍቶና የይለፍ ምልክቱን በፉጨት አሰምቶ፣ ቤተሰቡን ጭምር ይዞ በዚሁ ምሽግ ፊት ወደ ነጻነት ያለፈው ባሪያ ነው።

እንግዲህ መደረግ ያለበት ይህ ነው። ምሽጉን የሚያስተዳድረው የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ስለሆነ፣ ፍለጋችሁን ከማስታወቂያ ሳይሆን ከራሱ ከአገልግሎቱ ድረ ገጽ ጀምሩ፤ ጎብኚዎችን ምሽጉ ላይ ለማውረድ የተፈቀደለትን የጀልባ ድርጅት የምታገኙት እዚያ ነው። ጀልባዎቹ የሚነሱት ቻርልስተን ከተማ ውስጥ ከአኳሪየሙ አጠገብ ካለው ሊበርቲ ስኩዌርና፣ ከወንዙ ማዶ ማውንት ፕሌዛንት ውስጥ፣ ዮርክታውን የተባለው አሮጌ የጦር መርከብ ከቆመበት ፓትሪየትስ ፖይንት ነው። ለምሽጉ መግቢያ የሚከፈል ነገር የለም፤ የሚከፈለው ለጀልባው ብቻ ስለሆነ፣ «የመግቢያ ክፍያን ይጨምራል» ብሎ ዋጋ የሚያስወድድ ሻጭ ካጋጠማችሁ ተጠራጠሩት። የፓርኮችን ዓመታዊ ካርድ የያዛችሁም ብትሆኑ የጀልባው ክፍያ አይቀርላችሁም። ከሁሉ የሚቀለው ማረጋገጫ ግን ሰዓቱ ነው፦ መሄጃው ግማሽ ሰዓት፣ ምሽጉ ላይ ቆይታው አንድ ሰዓት፣ መመለሻው ግማሽ ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ ጉብኝቱ በአንድ ሰዓት ተኩል ያልቃል የሚል ቲኬት ምሽጉ ላይ ሊያወርዳችሁ አይችልም። እኔ የገዛሁት የአንድ ሰዓት ተኩል ነበር፤ ቁጥሩ ፊቴ ተጽፎ ሳላሰላው ቀረሁ።

ገንዘባችሁን አስቀድማችሁ ከከፈላችሁ፣ ቢያንስ የከፈላችሁት በዴቢት ሳይሆን በክሬዲት ካርድ ይሁን። ሻጩ «ተመላሽ አይደረግም» ቢልም፣ የአሜሪካ ሕግ በስምምነቱ መሠረት ላልቀረበ አገልግሎት የተጠየቀውን ክፍያ፣ ክፍያው የተመዘገበበት የካርዱ የሒሳብ መግለጫ ከተላከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንድትቃወሙ ለክሬዲት ካርድ ደንበኞች መብት ይሰጣል። ለዚህ የገጹን ርእስና ፎቶግራፍ የሚያሳይ ምስል ከስልካችሁ አንስታችሁ ማስቀመጥ ይጠቅማል፤ እኔ ስመለስ ርእሱ ተለውጦ እንዳይጠብቀኝ ሰግቼ ያደረግሁት የመጀመሪያ ነገር እሱ ነበር።

በማግሥቱ ትክክለኛውን ጀልባ ብንጠይቅ የቀኑ ቲኬት አልቆ ስለነበር፣ ጋሼን በመኪና ወደ ሰሊቫን ደሴት ወስደን አንደርሰን የተነሳበትን ፎርት ሞልትሪን አሳየናቸው። ከዚያ ሆነው በውኃው ማዶ ሳምተርን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ለካርዴ ባንክ የላክሁት ማመልከቻ ገና ውሳኔ አላገኘም።