«ለሁሉም ፍሬን ይሆናል» የተባላችሁትን ዘይት አትግዙ

ሃይድሮሊክ ዲስክ ፍሬን፣ ማለትም በሽቦ ሳይሆን በዘይት ግፊት የሚሠራ ፍሬን፣ ያለው ሳይክል የምትነዱ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን ልብ በሉ። «ለማንኛውም የሳይክል ፍሬን ይሆናል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ወይም ሻጩ በቃሉ እንዲህ እያለ የሚያቀርበው ዘይት ገንዘባችሁን ወስዶ ፍሬናችሁንም ያበላሽባችኋል። ለሁሉም ፍሬን የሚሆን ዘይት የለም። ፍሬኖቹ ራሳቸው ከመነሻው በሁለት የተለያየ መንገድ ስለተሠሩ ሊኖርም አይችልም።

አንደኛው ወገን የሚሠራው ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ በሚገኘው ሚኒራል ዘይት ነው። ሁለተኛው ዶት በሚባለው፣ መኪናና ሞተር ሳይክል ውስጥም በሚገባው ፈሳሽ ነው። ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 መሠረታቸው ግላይኮል ኤተር ሲሆን ከውሃ ጋር ይዋሃዳሉ፤ ሚኒራል ዘይት ግን ከውሃ ጋር አይስማማም። ጉዳቱ የሚደርሰው ጎሚኒው፣ ማለትም ዘይቱ እንዳያፈስ የሚይዘው የጎማ ቀለበት፣ ላይ ነው። ለሚኒራል ዘይት የተሠራ ፍሬን ብዙውን ጊዜ ጎሚኒው ናይትራይል ከሚባል ጎማ ነው፤ ለዶት የተሠራው ደግሞ ከኢፒዲኤም። ኢፒዲኤም ሚኒራል ዘይት ሲነካው ዘይቱን እየጠጣ ያብጣል። ናይትራይልም ዶት ውስጥ ሲቆይ ይልፈሰፈስና ቅርጹን ያጣል። «ትንሽ ብቻ ነው የጨመርኩት፣ ምንም አይል» የሚል ሰው ናፍጣ በሚጠጣ ሞተር ላይ ትንሽ ቤንዚን ጨምሬያለሁ እንደማለት ነው።

ሰው የሚታለለው ደግሞ የተሳሳተው ዘይት በገባበት ቀን ፍሬኑ ጥሩ አድርጎ ስለሚይዝ ነው። ሁለቱም ፈሳሾች ግፊት ያስተላልፋሉ። እጀታውን ስትጨብጡት ጠንከር ይላል፣ ጎማው ቀጥ ይላል፣ ከፍላችሁ ትወጣላችሁ። ጎሚኒው የሚያብጠው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ እጀታው ሲለቀቅ ወደ ቦታው ለመመለስ ይዘገያል። ቀጥሎ ሸራውን ወደ ዲስኩ የሚገፉት ፒስተኖች አልመለስ ብለው ሸራው ዲስኩን እየታከከ ይቀራል፣ ዲስኩም ፍሬን ሳትይዙ ይግላል። መጨረሻ ላይ ወይ ፍሬኑ ይነክስና አልለቅም ይላል፣ ወይ ዘይቱ በጎሚኒው ዳር ያፈተልክና እጀታው እስከ መሪው ድረስ ባዶውን ይሄዳል። ያን ጊዜ ወደ ሠራላችሁ ሰው ብትመለሱ «ከዚህ ሲወጣ ደህና ነበር» ነው መልሱ። አንድ ወዳጄ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። በሚኒራል ዘይት የሚሠራውን የሺማኖ ፍሬኑን አየር እንዲያስወጡለት ሰጥቶ ዶት 4 ሞልተው መለሱለት፤ እጀታው ተጣብቆ ሲመጣ ግን ኃላፊነት የሚወስድ ሰው አላገኘም። ቁልቁለት ላይ ቢሆን ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል።

የትኛው ፍሬን የትኛውን ይፈልጋል? ሺማኖ፣ ማጉራ እና ቴክትሮ በሚኒራል ዘይት ይሠራሉ። የስራም አብዛኞቹ ፍሬኖች የዶት ናቸው፤ ዲቢ8 እና ሜቨን የተባሉት ግን ሚኒራል ዘይት ነው የሚወስዱት። ሄይስም እንደዚሁ ነው፤ ዶሚኒየን ዶት፣ ራዳር ሚኒራል። ስለዚህ የድርጅቱን ስም ብቻ አይቶ «ስራም ከሆነ ዶት ነው» ብሎ ጠርሙስ የሚያነሳ መካኒክ ካጋጠማችሁ አስቁሙት። የሚፈለገው ዘይት ብዙውን ጊዜ እጀታው ላይ ወይም የዘይት መያዣው ክዳን ላይ ተጽፏል። ካልተጻፈ የሞዴሉን መመሪያ ማየት ነው።

ሌላው ወጥመድ በትንንሽ ብልቃጥ እየተቀዳ ያለ ስም የሚሸጠው ነው። ይረክሳል፣ ግን ምን እንደሆነ አይታወቅም፤ ዶት ከሆነ ደግሞ መቼ እንደተከፈተ ማወቅ የግድ ነው። ዶት ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ መፍላት የለበትም፤ 3.7 በመቶ ውሃ ከገባበት በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ለዶት 5.1 ቁጥሮቹ 260 እና 180 ናቸው። ረጅም ቁልቁለት ላይ የተያዘ ፍሬን በጣም ይግላል፣ ፈሳሹ ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ እጀታውን ብትጨብጡትም የሚይዝ ነገር የለም። ሚኒራል ዘይት እርጥበት አይስብም፤ ነገር ግን ውሃ ከገባበት ሳይዋሃድ ወደ ታች ወርዶ ሙቀቱ ያለበት ካሊፐር፣ ማለትም ፒስተኖቹና ሸራው ያሉበት ክፍል፣ ውስጥ ይቀመጥና በ100 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እንግዲህ የትኛውም ይሁን፣ ሲገዛ የታሸገ መሆን አለበት።

«ቁጥሩ ከፍ ያለ ስለሆነ ይሻላል» ተብላችሁ ዶት 5 እንዳትገዙ። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፣ ከዶት 4 እና ከ5.1 ጋር አይቀላቀልም፤ ከ5.1 ጋር የሚያመሳስለው ስሙ ነው። ቀለሙ ሐምራዊ ነው።

መቀላቀል ፈጽሞ ክልክል ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ዶት 4 እና ዶት 5.1 ቢገናኙ ጎሚኒ አይጎዱም፤ የሚፈላበት ሙቀት ብቻ ከንጹሑ 5.1 ዝቅ ይላል። የተለያዩ አምራቾች ሚኒራል ዘይቶች ግን እንደ ዶት የጋራ ደረጃ የላቸውም፣ ውፍረታቸውም ይለያያል፤ እኔ አምራቹ ካለው አልወጣም። የሕፃናት ቅባት ዘይትም ሚኒራል ነው ብለው የሚመክሩ አሉ። ሽቶ የተጨመረበትንና ለፍሬን ሙቀት ያልተፈተሸን ነገር ሕይወታችሁን በያዘ ዕቃ ውስጥ አትጨምሩ።

የያዛችሁት ብልቃጥ ካጠራጠራችሁ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጥቂት ጠብታ አድርጉበት። ሚኒራል ዘይት ላይ ይንሳፈፋል፤ ዶት 4 እና 5.1 ሟሙተው ይጠፋሉ። ይህ ዓይነቱን እንጂ ጥራቱን አይነግራችሁም። ቀለሙን ግን አትመኑ፤ የሺማኖው ሮዝ፣ የማጉራው ሰማያዊ የሆነው በማቅለሚያ ነው፣ ማቅለሚያ ደግሞ ማንም ይጨምራል።

የተሳሳተው አስቀድሞ ገብቶባችሁ ከሆነ ሳይክሉን አትንዱት። «አጥቤ አዲስ እሞላለሁ» ለሚላችሁ ሰው ሁለተኛ ገንዘብ አትክፈሉ፤ ያበጠ ጎሚኒ በመታጠብ ወደ ነበረበት አይመለስም። የእጀታውም የካሊፐሩም ጎሚኒ በሙሉ መቀየር አለበት። አንዳንድ አምራቾች ጎሚኒውን ለብቻው ስለማይሸጡ ሙሉ ፍሬኑን መቀየር ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ያፈሰሰ ዘይት የነካው ሸራም አብሮ ይቀየራል። ዶት ቀለም ስለሚያነሳ ፍሬሙ ላይ ከተንጠባጠበ ወዲያው በውሃ እጠቡት።

ፍሬን ለማሠራት ስትሰጡ የሚገባውን ዘይት ጠርሙሱን ታሽጎ እያለ እዩት፣ በፊታችሁ ይከፈት፣ የዘይቱም ዓይነት ደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ። አንጽፍም ካሉ ሳይክላችሁን ይዛችሁ ውጡ።