ያገለገለ ወርቅ በኢንተርኔት ጨረታ፦ ከጨረታ ቤት ወይስ ከግለሰብ ሻጭ?

ሠርግ በቀረበ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል። ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ነበረች፤ ከእሷ በፊት የሥራ ባልደረባዬ፤ ከዚያም በፊት በቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንዲት እናት። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ያገለገለ ወርቅ በጨረታ ልገዛ ነው፤ ከጨረታ ቤት ይሻላል ወይስ ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ከሚሸጡ ግለሰቦች?» የምኖረው ሜሪላንድ ስለሆነ የማውቀው የአሜሪካውን ገበያ ነው። መልሴን ከወዲሁ ልናገርና ልገላገል፦ ከግለሰብ ግዙ። የጨረታ ቤቶቹ ካታሎግ ያማልላል፤ ሒሳቡ ግን አያዋጣም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ወርቅ የሚሸጥበት አውንስ 31.1 ግራም ይመዝናል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 የአንድ አውንስ ዋጋ 4000 ዶላርን አልፏል፤ በ4000 ብናሰላው የንጹሕ ወርቅ ግራም 128 ዶላር ተኩል ገደማ ይሆናል። 14 ካራት ከ24 እጅ 14ቱ ብቻ ወርቅ ስለሆነ ግራሙ 75 ዶላር፣ 18 ካራት ደግሞ 96 ዶላር ይመጣል። እንግዲህ 10 ግራም የሚመዝን የ14 ካራት ሐብል ቢቀልጥ ዋጋው 750 ዶላር ነው። ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ሳትጽፉ ጨረታ አትግቡ።

ይህንኑ ሐብል በሁለቱም ቦታ በ600 ዶላር አሸነፋችሁ እንበል። ጨረታ ቤቱ ከአሸናፊው ዋጋ ላይ የገዢ ኮሚሽን ይወስዳል፤ 25 በመቶ የተለመደ ነው። 600ው ወዲያው 750 ሆነ። የሜሪላንድ የሽያጭ ግብር 6 በመቶ ስለሆነ 45 ዶላር ይታከልበታል። ብዙዎቹ ጨረታ ቤቶች ዕቃውን ራሳቸው አይልኩም፤ አሽጎ ከሚልክ ድርጅት ጋር ያገናኟችኋል፤ እሱም 40 ዶላር ቢላችሁ አይግረማችሁ። ድምሩ 835 ዶላር፣ ቀልጦ 750 ለሚያወጣ ሐብል! ከግለሰቡ ስትገዙ ግን 600 ዶላሩ፣ 36 ዶላር ግብርና 10 ዶላር መላኪያ፣ በአጠቃላይ 646 ይሆናል። እዚያ ኮሚሽኑን የሚከፍለው ሻጩ ነው።

የእኔ ቂም ግን ከኮሚሽኑ አልጀመረም። ከሦስት ዓመት በፊት ስሙን ከማልጠራው ጨረታ ቤት 20.4 ግራም የሚመዝን ሐብል ገዛሁ። መቆለፊያው ላይ 750 የሚል ማኅተም አለው፤ 18 ካራት ማለት ነው። ቤት እንደደረሰ በብርጭቆ ውኃ ሞልቼ ትንሿ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩና ሚዛኗን ወደ ዜሮ መለስኳት። ሐብሉን በክር አንጠልጥዬ፣ የብርጭቆውን ታችም ጎንም እንዳይነካ አድርጌ ውኃው ውስጥ አጠለቅኩት። እውነተኛ 18 ካራት ቢሆን ሚዛኗ 1.3 አካባቢ ማሳየት ነበረባት። 2.4 አለች። አወጣሁት፣ አደረቅኩት፣ ደገምኩት። አሁንም 2.4። 20.4 ለ2.4 ሲካፈል 8.5 ነው፤ ይህ የብረቱ እፍጋት ነው፤ ናስ! የ18 ካራት ወርቅ 15 ተኩል ገደማ ይመጣል። ወርቅ የነበረው መቆለፊያው ብቻ ነው። ማኅተሙ አልዋሸም፤ የመሰከረው ስለ ራሱ ነበር። ስደውልላቸው «ዕቃው የተሸጠው ባለበት ሁኔታ ነው» አሉኝ፤ ውሉም እንደዚያው ይላል።

ኢቤይ ላይ ግን ዕቃው ከተገለጸው የተለየ ከሆነ፣ በእጃችሁ ከገባ በ30 ቀን ውስጥ አመልክታችሁ ገንዘባችሁን የምታስመልሱበት ሥርዓት አለ። የውኃውን ፈተና ያን ዕለት ማታውኑ መሥራት ነው፤ አንድ ወር ቶሎ ያልቃል።

እውነተኛው ርካሽ የሚገኘው ሻጩ የያዘውን በማያውቅበት ቦታ ነው። ከ14 ቁጥር ቀጥሎ ኬ እና ፒ የሚሉ የላቲን ፊደላት የተመቱበት ቀለበት ብዙ ጊዜ «የወርቅ ቅብ» ተብሎ ይቀርባል። ፒ ግን ቅብ ማለት አይደለም፤ ካራቱ ሳይጓደል ልክ 14 መሆኑን የሚገልጽ ምልክት ነው። በዚህ ስሕተት 3.1 ግራም የምትመዝን ቀለበት በ38 ዶላር ወስጃለሁ፤ በላይኛው ሒሳብ ወርቋ ብቻ ከ230 ዶላር ያልፋል። በተቃራኒው ጂኤፍ ወይም ኤችጂኢ የሚል ካያችሁ የመጀመሪያው ወርቅ የለበሰ፣ ሁለተኛው በኤሌክትሪክ የተቀባ ነው፤ ሻጩ «ወርቅ» ብሎ ቢምልም በወርቅ ዋጋ አትንኩት።

ጥገና ሌላው ጉድ ነው። ከአንድ ግለሰብ በጥሩ ዋጋ ያገኘኋትን ቀለበት ላሰፋ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው የአገሬ ልጅ ወርቅ ሠሪ ወሰድኩ። በማጉያ መነጽሩ አየና «እህቴ፣ ይህችን ግራጫ ነጥብ አየሻት? በእርሳስ በይደውታል። እሳት ካሳየሁት እርሳሱ ወርቁን ይበላዋል» አለኝ። እርሳሱን ጠርጎ እስኪያወጣ በ60 ዶላር ያሰብኩት ሥራ 140 ደረሰ። ከዚያ ወዲህ የቀለበቱን ውስጠኛ ጎን በቅርበት የሚያሳይ ፎቶ ካልተላከልኝ ዋጋ አልሰጥም። ውስጡ ባዶ የሆነ ሐብልም ይቅርባችሁ፤ ሲጎደጎድ አይቃናም፣ ሲበጠስም የሚበይደው አታገኙም ማለት ይቻላል።

ስለ አልማዝ ብዙ አልልም። በቤተ ሙከራ የሚሠራው አልማዝ ዋጋውን ስላወረደው ለጥቃቅን ፈርጦች አንድ ሳንቲም አልጨምርም። በሙቀት የሚለየው የአልማዝ መፈተሻም ሞይሳናይት በሚባለው አልማዝ መሳይ ድንጋይ ይታለላል። ትልቅ ፈርጥ ከሆነ አልማዝ መርምሮ የሚመሰክረውን ድርጅት፣ የጂአይኤን፣ ሰርተፍኬት ቁጥር ጠይቃችሁ በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አመሳክሩ።

ጨረታ ቤት የሚያዋጣበት አንድ ጊዜ አለ፦ ቅርብ ሆኖ፣ በዕይታ ቀን ሄዳችሁ ዕቃውን በእጃችሁ መዝናችሁ፣ ካሸነፋችሁም ራሳችሁ የምትወስዱት ከሆነ። ያኔም ቢሆን ከመጨረሻ ዋጋችሁ ላይ ኮሚሽኑን አስቀድማችሁ ቀንሱ።

አገር ቤት ለምትልኩ ደግሞ፣ 14 ካራት አሜሪካ ውስጥ ምንም ነውር የለውም፤ እናቴ ግን የላክሁላትን አገላብጣ አይታ «አንቺ ልጅ፣ ይህ ወርቅ ነው ወይስ የወርቅ ዘመድ?» ብላኛለች። ለእናቶች 18 እና ከዚያ በላይ ፈልጉ።

የአክስቴ ልጅ አሁን 5.6 ግራም የሚመዝን የ14 ካራት ቀለበት አግኝታለች። ወርቁ በላይኛው ሒሳብ 420 ዶላር ያወጣል፤ ጨረታው ማክሰኞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ40 ላይ ይዘጋል። ግብሩንና መላኪያውን ቀንሰን 370 ላይ ወሰንን። ቀድማ ዋጋ ሰጥታ ሌላውን እንዳታስቆጣ፣ ልትዘጋ አሥር ሰከንድ ሲቀራት አንድ ጊዜ ብቻ እንድትገባ ነግሬያታለሁ። ከ370 በላይ ብትወጣ ግን የማስፋቱን ወጪ ከእኔ እንዳትጠብቅ።