ቴክኒክስ፣ ቶረንስ ወይስ ዱዋል? ሸክላ ለወረሱ

አባቴ ሁለት ካርቶን ሙሉ ሸክላ ትቶልኛል። አብዛኛው በደቂቃ 45 ዙር የሚዞረው ትንሹ ሸክላ ሲሆን፣ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋመው አምሃ ሪከርድስ የታተሙም አሉበት። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣልኝን አሮጌ ማጫወቻ በትራንስፎርመር አገናኝቼ የመጀመሪያውን ሸክላ ሳስቀምጥ ግን ከልጅነቴ የማውቀው ድምፅ አልወጣም። ዘፋኙ የደከመው ሽማግሌ መሰለ፤ ሳክስፎኑ ተጎተተ። ፒያሳ አካባቢ በሙያው ያረጁ አንድ ጠጋኝ አንዴ ሰምተው፣ ዕቃውን ሳይከፍቱ ችግሩን ነገሩኝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ከ220 ወደ 110 ያወርዳል እንጂ የመብራቱን ድግግሞሽ (በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ) አይነካም። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 50። ፍጥነቱን ከመብራቱ በሚወስድ ሞተር ላይ 45 ዙር መሆን የነበረበት 37.5 ዙር ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ አሮጌ ማጫወቻ ሳይ ከስሙና ከመልኩ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። በአዲስ አበባ መብራት በትክክለኛው ፍጥነት ይዞራል ወይ? ሲበላሽ እዚሁ ይጠገናል ወይ?

እዚህ ከማወዳድራቸው ሦስት አሮጌ ማጫወቻዎች ለመጀመሪያው ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ ያለው ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ኤምኬ2 ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ የቀረበው ይህ ማሽን ሳህኑን የሚያዞረው ያለ ቺንጋ በቀጥታ በሞተር ነው፤ ፍጥነቱንም የሚቆጣጠረው በውስጡ ያለው ኳርትዝ የተባለ ክሪስታል ስለሆነ 50 ኸርዝ ሆነ 60 ለውጥ የለውም። ለአሜሪካ የተሠራውን ለመጠቀም ትክክለኛ ትራንስፎርመር ብቻ ይበቃል። ጥገናውም ቀላል ነው፤ በየ2,000 ሰዓቱ ሁለት ሦስት ጠብታ ዘይት ከመጨመር ያለፈ ብዙም አይጠይቅም። ጉዳቱ ብዙዎቹ በዲጄዎች እጅ የኖሩ መሆናቸው ነው። መርፌውን የሚሸከመውን ክንድ በጣት ጫፍ ይዘው ቀስ ብለው ያነቃንቁት፤ በመገጣጠሚያው ላይ ልል ሆኖ ከተሰማዎት ይለፉት።

ቶረንስ ቲዲ 160 እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የተሠራ ባለ ቺንጋ ማሽን ነው፤ ሳህኑና ክንዱ በሦስት ስፕሪንግ ላይ ተንሳፍፈዋል። በጸጥታው ከሦስቱ እኔ የምወደው እሱን ነው። የክራሩ ጅማት ከተመታ በኋላ የሚቀረው ንዝረት ሲጠፋ ከጀርባው የሞተር ጉርምርምታ አይሰማም። ነገር ግን በፒያሳ አካባቢ ባሉት የእንጨት ወለል ቤቶች ሰው ሲራመድ ስፕሪንጎቹ ይወዛወዛሉ፤ መርፌውም ይዘላል። እንዲህ ባለ ቤት ማሽኑን ግድግዳ ላይ በተመታ መደርደሪያ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የኮንዶሚኒየም ሲሚንቶ ወለል ግን ይስማማዋል። የሞተሩ ፍጥነት ከመብራቱ ድግግሞሽ ጋር ስለሚሄድ ለአውሮፓ የተሠራውን ይምረጡ። ቺንጋው ሲያረጅ ስለሚላላ አብሮ መለዋወጫ ይግዙ። ቤት ሲቀይሩም ስፕሪንጎቹን የሚያስሩትን ሦስት ብሎኖች ሳያጠብቁ አያንቀሳቅሱት።

ዱዋል 1219 ሳህኑን የሚያዞረው በጎማ መዘውር ነው። በጣም ጠንካራ ነው፤ ከሌሎቹ ሁለቱ የሚለየው ደግሞ 78 ዙር ማጫወቱ ነው። ከአያት የወረደ ከባድና በቀላሉ የሚሰበር የጥንት ሸክላ ያለው ሰው ሌላውን ትቶ ይህን ይፈልግ። በሞተሩ ላይ ያለው ትንሽ መዘውር ለ50 ኸርዝ በተሠራው ከተተካ ፍጥነቱ ይስተካከላል። ክንዱን በራሱ የሚያነሳው መሣሪያ አልታዘዝ ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአንዲት ትንሽ ላስቲክ መፍረስ ነው፤ ከብስክሌት ቫልቭ ላስቲክ ቆርጠው የሚተኩ ጠጋኞች አሉ። ቅባቱ ደርቆ ከሆነ ግን ሥራው ብዙ ነው፤ ትዕግሥት ያለው ባለሙያ ከሌለዎት አልመክርም።

አሁን ወደ መርፌው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ስስት አይገባም። ያረጀ መርፌ የሚያበላሸው ድምፁን ብቻ አይደለም፤ ሸክላውን ራሱን ያርሰዋል፤ የታረሰ ሸክላ ደግሞ አይመለስም። በአሮጌ የሳሎን ሬዲዮ ግራማፎኖች ላይ የምናየው ክሪስታል ወይም ሴራሚክ ካርትሪጅ (መርፌውን ይዞ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) ብዙ ጊዜ ከ4 ግራም በላይ ይጫናል፤ ክሪስታሉ ደግሞ በእርጥበት ይሞታል። ዕቃው ለዓይን ቢያምርም የአባትዎን ሸክላ አይስጡት። የሚንቀሳቀስ ጥቅልል የተባለው ውድ ዓይነትም ለእኛ አይመችም፤ መርፌው ሲያልቅ ካርትሪጁን በሙሉ ወደ ሠሪው መላክ ወይም አዲስ መግዛት ይጠይቃል።

የሚሻለን የሚንቀሳቀስ ማግኔት የተባለው የካርትሪጅ ዓይነት ነው፤ መርፌው በእጅ ተነቅሎ ይተካል። ሹር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ካርትሪጅ መሥራት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2018 ስለሆነ አሮጌ ሹር ያለው ሰው ጃፓናዊው ጂኮ የሚሠራቸውን ተተኪ መርፌዎች መፈለግ ይችላል። አዲስ ለሚገዛ ሰው የምመርጠው የኦዲዮ-ቴክኒካን ቪኤም95 ነው። በአንዱ አካል ላይ ክቡን መርፌ፣ ሞላላውን ወይም ለ78 ዙር የተሠራውን ወፍራም መርፌ መቀያየር ይቻላል። ብዙ ለተጫወተ የ45 ዙር ሸክላ ክቡ ይበቃል፤ በአገጣጠም ላይ ለሚፈጠር ትንሽ ስህተትም ይቅር ባይ ነው። መርፌው ሸክላው ላይ የሚጫንበትን ክብደት 2 ግራም ያድርጉት። መርፌው ሲዘል ሳንቲም መጫን የቆየ ልማድ ነውና ይተዉት፤ ይልቅ አነስተኛ የወርቅ ሚዛን ይግዙ።

አምፕሊፋየሩ «ፎኖ» የሚል መግቢያ ሊኖረው ይገባል፤ ከሌለው ከካርትሪጁ የሚመጣውን ደካማ ድምፅ የሚያጎላ የፎኖ ማጉያ በመካከል ይገባል። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ተመልሶ ሲመጣ የሚገፋው ኃይል አሮጌ ካፓሲተርን ይገድላል።

የእኔን ማጫወቻ ጠጋኙ ወደ ቶርኖ ቤት ላኩት። የሞተሩን መዘውር በአንድ አምስተኛ አስፍተው በነሐስ ቀረጹት፤ ዘፋኙም ወደ ወጣትነቱ ተመለሰ። እርስዎም ለመግዛት ሲሄዱ በቃልዎ የሚያውቁትን አንድ ሸክላ ይዘው ይሂዱ፤ ከሁሉም ውድ የሆነውን ግን ቤት ይተዉት፤ በሻጩ ማሽን ላይ ያለው መርፌ ስንት ዓመት እንደሠራ አይታወቅምና።