የመጀመሪያ ቀጠሮ በቁም፦ ቶሞካ፣ ፒያሳ

ለመጀመሪያ ቀን እራት የምትጋብዙ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉት። ባለፈው ቦሌ አካባቢ አንድ ምግብ ቤት (ስሙ ይቅር) ከአንዲት ልጅ ጋር ተቀጣጥረን ክትፎ አዘዝን። አርባ ደቂቃ ቆየ። በአሥረኛው ደቂቃ እንደማንግባባ ለሁለታችንም ገብቶናል፤ ግን ታዟል፣ የት ይኬዳል? ክትፎው ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ላጉርሳት? ካጎረስኳት "ይሄ ደግሞ ምን ሆኗል" ልትል ነው፣ ካላጎረስኳት ስስታም ልባል ነው። ከዚያ ሂሳቡ 15 በመቶ ቫቱን ተሸክሞ ከች አለ፣ እሷ ቦርሳዋን ከፈት አደረገች፣ እኔ "ኧረ በፍጹም!" አልኩ። አልተደዋወልንም።

ስለዚህ ሌላ ሰው ስቀጥር ቅዳሜ ጠዋት ቶሞካ አልኩ። የፒያሳውን፣ ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ያለውን። በፈረንጆች 1953 የተከፈተ ቡና መጠጫ ቤት ነው፤ ስሙም ከጣሊያንኛ ተቆራርጦ የተሠራ ነው፣ ዘመናዊ የቡና መቁያ እንደማለት። ገና በሩ ጋ ስትደርሱ የሚቆላው ቡና ልብስ ላይ ይለጠፋል። እዚያ ደንቡ ረጃጅሞቹ ጠረጴዛዎች ዙሪያ ቆሞ መጠጣት ነው።

መጀመሪያ ትከፍላላችሁ፣ ወረቀቷን ይዛችሁ ማሽኑ ጋ ትሰጣላችሁ። የ"እኔ ልክፈል" ግብግብ ገና ሳይጀመር አለቀ ማለት ነው። እኔ ስደርስ ልጅቷ ቀድማ የሁለት ከፍላ ወረቀቱን ይዛ ቆማለች። "ጠቆር ያለ ማኪያቶ ብዬልሃለሁ፣ ገምቼ ነው።" እኔ ነጣ ያለ ነው የምወደው። ጠጣሁት፣ ምን ላድርግ! ግን እውነቱን ለመናገር የዚህ ቤት ማኪያቶ ጠቆር ሲል ነው የሚያምርበት፤ ቡናው በደንብ የተቆላ ነው፣ ምሬቱ ወተቱን አልፎ ይመጣል።

ጠረጴዛውን የተጋሩን አንድ ጋዜጣ የያዙ አባት ነበሩ። ስኳር ልትጨምር ስትል "ልጄ፣ መጀመሪያ ቅመሽው" አሏት። ማንኪያውን አስቀምጣ ቀመሰች፣ "ግሩም ነው" አለች፣ ከዚያ ሁለት ማንኪያ ሙሉ ስኳር ጨመረች። አባባ "እሺ እንግዲህ" ብለው ወደ ጋዜጣቸው ተመለሱ። እኔ በሳቅ ሞትኩ። ይህችን ልጅ ቦሌ ወስጄ ሦስት ሰዓት "ምን ትወጃለሽ፣ የት ተማርሽ" ብላት ይህን ያህል አላውቃትም ነበር።

ደግሞ ሃያ ደቂቃ ነው። ካልሆነ ሲኒው ባዶ ሲሆን "በይ እንግዲህ" ተባብሎ መለያየት ነው፣ ማንም አይቀየምም። ጓደኛዬ እንጦጦ ፓርክ ይሻላል ይላል፤ እኔ አይመስለኝም፣ ሩቅ ነው፣ ባትግባቡም መመለሻችሁ አብሮ ነው።

ርቧችሁ ከሆነ በልታችሁ ሂዱ። ባለ ተረከዝ ጫማ አይመከርም። የልብ ምስጢር ለማውራትም አይሆንም፣ ከጎናችሁ ያለው ሰው ክርኑ ይነካችኋል።

እኛ ከዚያ በቸርችል ቁልቁል በእግር ወረድን። "ቁልቁል ስለሆነ ነው እሺ ያልኩህ" ብላኛለች። እናቴ ከቶሞካ ግማሽ ኪሎ የተቆላ ቡና አምጣልኝ ብላኝ ነበር፤ ትዝ ያለኝ ለገሃር ከደረስን በኋላ ነው።